በአዳዳ ድንቄ በር ላይ የጮኸው ከበሮ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶርማችን ውስጥ የታጠበ ልብሴን ሳጥፍ ከግቢው አጥር ውጭ የሰርግ መኪኖች አለፉ። መኪኖቹ ከመድረሳቸው በፊት የመስኮታችን መስታወት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የውሃ ኩባያም ክብ ክብ ሞገድ ሠራ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ከዚያ ድምፁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። መኪኖቹ እየሄዱ ነው፣ ጡሩምባቸውም ይሰማል፤ ያ ሆድ ውስጥ የሚገባው ድምፅ ግን የለም።

«ፕሮቴክት ገባ» አልኩና ብቻዬን ሳቅኩ።

«ምን ገባ?» አለች ከላይኛው አልጋ ላይ ተጋድማ የነበረችው ጓደኛዬ። ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ኦም፣ ስለ ዋት፣ ስለ አምፕሊፋየር አወራሁላት። ፊቷን ሳየው ምንም እንዳልያዘች ገባኝ። «ስምቦ፣ አንቺ ሁልጊዜ ከመሃል ነው የምትጀምሪው። መጀመሪያ ሰዎቹን ንገሪን» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ከሰዎቹ ጀምሬ ነገርኳቸው፤ እዚህ የምጽፈውም ያንኑ ነው፤ ስናገር የዘለልኩትን ብቻ ጨምሬበታለሁ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ትዝታ መጻፍ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ነገሩ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ያኔ የነበረችውን ልጅ አሁን ከሩቅ ነው የማያት።

ያደግሁት ነቀምቴ ነው። አዳዳ ድንቄ ግን የሚኖሩት ከኡኬ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በሚታጠፈው የአፈር መንገድ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ አዳዳ የሚባሉት የአባት እህት ናቸው። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ የምላከው እሳቸው ጋ ነበር። ክረምት ላይ ያ መንገድ እግር ይውጣል፤ በቆሎው ከሰው ቁመት ስለሚያልፍ ቤቱ ከመንገድ አይታይም፤ ቤቱን የምታገኘው በጭሱ ነው። በጥር ደግሞ በቆሎው ተሰብስቦ አገሩ ይገለጣል፤ አቧራው እንደ ዱቄት ይልማል፤ ማንጎው ያብባል። ሰርግ የሚሠረገውም ያን ጊዜ ነው።

በዚያ አካባቢ ሙሽራ ከቤቷ የምትወጣው ተዘፍኖላት ነው። የወንዱ ወገን ሲመጣ የሴቷ መንደር ልጃገረዶች በሩን ይዘው ይቆማሉ፤ የመጡትንም በግጥም ይሰድቧቸዋል፤ ሚዜውን በአረማመዱ፣ ሽማግሌውን በካፖርቱ፣ ሙሽራውን በጉልበቱ። የመጡትም በዘፈን መመለስ አለባቸው። ስድቡ እንደ ስድብ አይያዝም፤ እንዲያውም ያልተሰደበ ሚዜ ቅር ይለዋል። ቤተሰባችን ወንጌላዊ ስለሆነ ነውር የበዛባቸውን ግጥሞች አዳዳ ድንቄ ራሳቸው እየሰሙ ያስቀራሉ። የሚያስቀሩት ግን እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አስደግመው፣ እንባቸው እስኪፈስ ከሳቁ በኋላ ነው። ስድቡ ሲያልቅ ልጃገረዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና የሙሽራዋ ዘፈን ይጀመራል። ይህን የምታወጣው እናት ናት። ዘፈኑ የእናቶችን ስም ከላይ ወደ ታች እየጠራ ይወርድና መጨረሻ ላይ ሙሽራዋ ጋ ይደርሳል። ሙሽራዋ ደጃፉን የምትሻገረው ስሟ ሲጠራ ነው።

የአዳዳ ድንቄ ትልቋ ልጅ አያንቱ ስታገባ ይህ ሁሉ አልሆነም። ወይም ሆኗል፤ የሰማው ግን የለም። የወንዱ ወገን ስፒከር የተጫነበት መኪና ይዞ መጣና በሩ ላይ አቆመው። ልጃገረዶቹ አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል። አዳዳ ድንቄ በነጭ ልብሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ወራት ሙሉ ያዘጋጁትን ዘፈን ሲዘፍኑ የአንገታቸው ሥር ተወጥሮ አየሁ፤ አጠገባቸው ቆሜ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። አያንቱ ስሟ መቼ እንደተጠራ ሳታውቅ፣ ሚዜዎቹ እጇን ሲይዟት ወጣች። ከዚያ በኋላ አዳዳ ድንቄ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ «ጥሩ ነበር፣ ምግቡ በቃ» ይሉ ነበር። ሌላ አይጨምሩም።

የጫልቱ ተራ ሲደርስ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጫልቱ የአያንቱ ታናሽ፣ የእኔ የልብ ጓደኛ ናት። ለገና በዓል ሄጄ አንድ ጠዋት አብረን እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈረውን አንጮቴ ቀቅለን እንልጣለን። አንጮቴ ትኩሱን ካልተላጠ ልጣጩ እሺ አይልም፤ ትኩሱን ሲላጥ ደግሞ ጣት ይለበልባል። ጫልቱ ጣቷን እየነፋች፣

«ስምቦ፣ እኔ አልወጣም» አለችኝ።

«ከምን?»

«ከቤት ነዋ። ስሜ ሲጠራ ካልሰማሁ ደጃፉን አልሻገርም። አያንቱ ዱም ዱም ብቻ እየሰማች ወጣች። ቦንሳ ሚዜ መሆኑን ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። የጫልቱ እጮኛ ነቀምቴ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ የተረጋጋ ሰው። ቦንሳ ግን የልጅነት ጓደኛው ሲሆን፣ ፒካፑ በከተማው ሰርጎች ሁሉ የታወቀ ነው። የቦንሳ ፒካፕ ሰፈር ሲገባ ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች ይባል ነበር።

«ታዲያ መኪናውን አታምጡ በሏቸዋ» አልኳት።

አዳዳ ድንቄ ከጓዳ ሰሙን። «ማን ነው የሚለምነው?» አሉ። «በር ላይ ልመና የለም። ድምፁ የበለጠ ይገባል፣ ድምፁ ያነሰ በር ይከፍታል። ከጥንትም እንዲሁ ነው።»

«ጥንት ግን መኪና አልነበረም፣ አዳዳ።»

«አሁን አለ። አሁን ደግሞ የተማራችሁ እናንተም አላችሁ» አሉና አንጮቴውን ይዘውብን ሄዱ። ጫልቱ አየችኝ። እኔ ሰው ሲያምነኝ እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ከሰዓት ወደ ነቀምቴ የወሰደኝ ሚኒባስ ውስጥ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

የማስበው ይህን ነበር። በአያንቱ ሰርግ ላይ ልጃገረዶቹ ብዙ ነበሩ፤ ጉሮሮም አልጎደላቸውም። መጀመሪያ የጠፋው ከበሮው ነው። ከበሮው ሲጠፋ አንዷ ቀደመች፣ አንዷ ዘገየች፤ ብዙ ድምፅ ሆነው አንድ ዘፈን መሆን አቃታቸው። ስለዚህ ከበሮው ብቻ ቢሰማ ሌላውን ልጃገረዶቹ ራሳቸው ይወጡታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሞንታርቦ አለ፤ ግን መብራት ይፈልጋል፤ በዚያ መንደር መብራት ደግሞ በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ነገር ያስፈልገን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ቶሌራ ከነቀምቴ ኡኬ ሚኒባስ ይነዳል። አልጋው ሥር ከተበላሸ መኪና የወጣ አምፕሊፋየር ነበረው፤ ከኑኑ ቁምባ ወረዳ ደግሞ ከአንድ ጓደኛው ሁለት ሳብዉፈር ከነሳጥናቸው አምጥቶ ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ ሳብዉፈር ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ነው። የሰው ድምፅ አይወጣበትም፤ ከበሮ ግን ይወጣበታል። ቶሌራ ሐሳቤን ሲሰማ ገና ሳልጨርስ ተነሳ። «የቦንሳን ፒካፕ ዝም ለማሰኘት ነው? ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ለዚህማ ሞተሩንም ፈትቼ እሰጥሻለሁ!»

ግቢያችን ውስጥ ዘይቱናው ሥር ሚኒባሱን አቁመን ሥራ ጀመርን። ቶሌራ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ያገኘውን ጫፍ ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ አምፑ ላይ አሠረው። ስልኩን አገናኝቶ ዘፈን ከፈተ። ዱም! የጎረቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ተንጫጫ። ዱም! ሁለታችንም ዘለልን። ከዚያ አምፑ ላይ የነበረችው አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆነችና ድምፁ ጠፋ፤ አምፑ እንዳይቃጠል ራሱን ሲዘጋ ነው «ፕሮቴክት ገባ» የሚባለው። አጥፍተን ስናበራው እንደገና ትንሽ መታ፣ እንደገና ቀላ። አምፑን ስነካው እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል።

«ዋቱ አንሶት ነው» አለ ቶሌራ። «ትልቅ አምፕ ይፈለግ። ወይ ፊውዙን አውጥተን በሽቦ እንጠቅልለው።»

«ፊውዙንማ አትነካውም። ቤታችንን ልታቃጥል ነው?»

«ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት ሳብ ነው ያሰርኩለት፣ ኃይሉ መጨመር ነበረበት። አንድ በሬና ሁለት በሬ እኩል ያርሳል?»

«በሬው አምፑ ነው እኮ፣ ቶሌራ። ሳቦቹ ማረሻ ናቸው። አንተ ማረሻውን ከሚችለው በላይ አስጠለቅክበት፤ እሱም ቆመ።»

ይህን ስናገር ትክክል መሆኔን ገና እርግጠኛ አልነበርኩም። ነገር ግን ካልኩት በኋላ ራሴን መስማት ጀመርኩ። አምፑን ገልብጬ ሥሩን አየሁ። በጣም ደቃቅ በሆነ ጽሑፍ፣ እንደ እኛ ሁለቱን የድምፅ መውጫ አጣምሮ ለሚጠቀም ሰው ከአራት ኦም በታች እንዳያገናኝ ያስጠነቅቃል። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አምፑ ብዙ እንዲሰጥ ይገደዳል። በቶሌራ ቴስተር ሳቦቹን ለካሁ። እያንዳንዱ ሳብ ከኋላው አራት ጫፍ ነበረው፤ ማለትም ውስጡ ሁለት ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ስለካቸው ሁሉም ወደ አራት የሚጠጋ ቁጥር ሰጡኝ። አራት ጥቅል፣ እያንዳንዱ ባለ አራት ኦም። ቶሌራ ሁሉንም ጎን ለጎን ሲያሥራቸው አንድ ኦም አድርጓቸዋል። አምፑ ምን ያድርግ!

መጀመሪያ እኔም በጥንቃቄ ብዛት ተሳሳትኩ። ሁሉንም በተከታታይ ቀጣጠልኳቸው። መብራቷ አልቀላችም፣ አምፑም አልሞቀም፤ ድምፁ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚመታ ከበሮ መሰለ። ቶሌራ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ማንኮራፋት ጀመረ። «ይሄማ እሹሩሩ ነው። ቦንሳን አስተኝተሽ ልትገቢበት ነው?»

ተናደድኩ። ወደ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ። እዚያው ጓዳ ቆሜ ሳለ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ የመጣ አንድ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እኩል የሆኑ አራት ሬዚስተሮች፣ ሁለት ሁለቱ በተከታታይ፣ ጥንዶቹ ደግሞ ጎን ለጎን ተያይዘዋል፤ ጠቅላላው ስንት ነው? መልሱ የአንዱኑ ያህል ይሆናል። በወቅቱ በትክክል መልሼው ነበር፤ ግን አራት ነገር ተገናኝቶ ተመልሶ አንዱን የሚያህል ከሆነ ምን ይጠቅማል ብዬ ሙጭጭ ያልኩበትን አስታውሳለሁ። ውሃውን እንኳ ሳልጨርስ ሮጥኩ። በእያንዳንዱ ሳብ ውስጥ ሁለቱን ጥቅሎች አከታተልኳቸው፤ ስምንት ሆኑ። ከዚያ ሁለቱን ሳቦች ጎን ለጎን አሠርኳቸው። ስምንትና ስምንት ተጋርተው አራት ሆኑ። አምፑ የጠየቀው ራሱ አራት!

ዱም። አረንጓዴ። ዱም። አረንጓዴ። ቶሌራ መብራቷን እያየ አንድ ዘፈን ሙሉ አለቀ። ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው «ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ቤቱ ይፈርሳል!» አሉን። ቶሌራ አቅፎኝ ብድግ አደረገኝ።

ሥራው ግን በዚያ አላበቃም፤ ይህን የምለው አንድ ሰው ሊሞክረው ቢፈልግ እንዳይታለል ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ሳቡ ለአንድ ቅጽበት የሚችለው ነው፤ ሳይደክም የሚሸከመው በትንሹ የተጻፈው ነውና ከአምፑ ጋር የሚነጻጸረው እሱ ነው። የእኛዎቹ ተቀራራቢ ነበሩ። አምፑ ላይ ያለችውን ቁልፍም ቶሌራ እስከ ጥግ አዙሯት ነበር፤ የድምፅ መጨመሪያ መስላው፤ እሷ ግን የሚገባውን ድምፅ ከአምፑ አቅም ጋር የምታመጣጥን ናት። ከበሮው ከበሮ መምሰሉን ትቶ ቆርቆሮ ሊመስል ሲል መለስ አደረግኳትና ቦታዋን በእናቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩባት። የባትሪውን ገመድ በወፍራም ቀየርን፤ ማሳ የሚባለው ገመድ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን ቦታም ቀለሙን ፍቀን ብረቱ እስኪያበራ አጸዳንና አሠርን። ከመዘምራኑ አንድ ማይክና በደረቅ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሚክሰር ተዋስን።

የሰርጉ ቀን ነፋስ አልነበረም። ሚኒባሱን ማንጎው ጥላ ሥር፣ ከአጥሩ ውስጥ አቆምነው፤ ሳቦቹን ወደ በሩ አዞርናቸው። ግቢው በቅቤ በራሰው ወፍራም ቂጣ፣ በጩምቦ ሽታ ተሞልቷል። አያንቱ ከባሏ አገር መጥታ ከበሮውን አነሳች። ባለትዳር ሆና ከልጃገረዶች ጋር በር መያዝ ልማድ አይደለም፤ ነገር ግን ከበሮውን አንገቷ ላይ ስታጠልቅ ልጃገረዶቹ መሃላቸውን ለቀቁላት። ማይኩን ከበሮው ሥር አሠርኩላት። «ስምቦ፣ ይሰማል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይሰማል» አልኳት። ጫልቱ በመስኮቱ መጋረጃ ጠርዝ በአንድ ዓይኗ ታየናለች።

መጀመሪያ አቧራው ታየ። ከዚያ ድምፁ። የቦንሳ ፒካፕ ከፊት ነው፤ የኋላው ጭነት ሙሉ ስፒከር ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ደረቴ ውስጥ ሌላ ሰው የሚደልቅ መሰለኝ። ቦንሳ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ግማሽ አካሉን በመስኮቱ አውጥቶ እጁን ያወዛውዛል። ልጃገረዶቹ ጀመሩ፤ አፋቸውን አየሁ፣ ምንም አልሰማሁም። አዳዳ ድንቄ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው የአያንቱን ሰርግ ፊት መምሰል ጀመረ።

«ቶሌራ፣ ሞተሩን አንሳ!» አልኩ። አነሳ። የሚክሰሩን ድምፅ ገፋሁ።

አያንቱ መታች።

እንዴት ብዬ ልግለጸው? መሬቱ ነው የመታው። የማንጎ አበባ ከላይ ረገፈብን። አንድ ሽማግሌ የያዙትን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙ። አያንቱ ራሷ ደንግጣ ከበሮውን አየችው፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ በሙሉ ክንዷ መምታት ጀመረች። ልጃገረዶቹ በአንድ ምት ላይ ገጠሙ፤ ተበታትነው የነበሩት ድምፆች ተሰብስበው አንድ ሆኑና በፒካፑ ጩኸት ላይ ወጡ። ግጥሙ በኦሮምኛ ነበር፤ በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

መነጽሩ ጥቁር፣ ጫማው የሚያበራ፤
ሚዜው ዘፈን ቢያጣ መኪናው አጓራ!

ተሰማ! ከመጡት መካከል ሳይቀር የሳቀ ነበር። ቦንሳ ወደ ውስጥ ገባና ድምፁን ጨመረ። ከአቅም በላይ የተጨመረ ድምፅ ሲቆሽሽ አውቀዋለሁ። እንደገና ጨመረ። እኔ የእኔን አልነካሁም፤ ቁልፏ በጥፍር ቀለሙ ምልክት ላይ ናት። አረንጓዴዋ መብራት አረንጓዴ ናት። ከዚያ፣ ልክ አንድ ሰው መዝጊያ እንደዘጋ ሁሉ፣ ፒካፑ ዝም አለ።

የአያንቱ ከበሮ ብቻ ቀረ። እልልታው ከግቢው ተነስቶ እስከ መንገዱ ሄደ። ቦንሳ አጥፍቶ አበራው፤ ሁለቴ ሦስቴ ደለቀና ደግሞ ተዘጋ። ከጓደኞቹ አንዱ ስፒከሩን በጥፊ መታው። «እንግፋላችሁ?» አለች ከልጃገረዶቹ አንዷ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ቦንሳ መነጽሩን አውልቆ በአጥሩ በኩል ወደ እኔ መጣ። ላቡ ይወርዳል።

«ያ ኢንተላ፣ አምፓችሁ ስንት ዋት ነው?»

«የእናንተን ግማሽ አይሞላም።»

«ትቀልጃለሽ። እኔ ለዚህ ሰርግ ብዬ ሁለት ሳብ ጨምሬበት ነው የመጣሁት!»

«እሱ ነው የገደለህ። አምፑ ከሚችለው በላይ ጎተቱት። የጨመርካቸውን ብትነቅላቸው ይሠራል።»

«እንግዲያው ነይ ንቀይልኝ!»

«እነቅልልሃለሁ። ከዘፈናችሁ በኋላ።»

ቦንሳ አየኝ፤ ከዚያ ሳይወድ ሳቀ። «አንቺ ክፉ ነሽ» አለና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ችግሩ እዚያ ነበር። ተሰብስበው ተመካከሩ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ኔትወርክ የለም። ብዙ ሰርግ የዞሩ ወንዶች ሆነው ሳለ፣ በር ላይ የሚመለስ አንድ ግጥም እንኳ የሚያውቅ ከመካከላቸው ጠፋ። ለካ እስካሁን ሲዘፍንላቸው የኖረው መኪናው ነው። ሙሽራው ሊቀመጥም ሊቆምም አቃተው።

በመጨረሻ ከኋለኛው መኪና ከኑኑ ቁምባ የመጡት የሙሽራው አጎት ኦቦ ቴሶ ወረዱ። ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል፤ በዚያ ሙቀት። ከዘራቸውን ለቦንሳ ሰጡትና «ኢጆሌ፣ ዘወር በሉ» አሉ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ሻካራ ቢሆንም መንገድ ያውቃል፦

አጥራችሁ እሾህ ነው፣ ማን ሊያልፈው ይችላል?
ማሩ ከሸተተው ንብ መንገድ ያገኛል።

ሴቶቹ በአንድ ላይ «አሃ!» አሉ። ልጃገረዶቹ ስለ ካፖርታቸው በግጥም ሰደቧቸው፤ እሳቸውም መለሱ። ወጣቶቹ መጀመሪያ አፍረው፣ በኋላ ጮኸው ተቀበሏቸው። ቦንሳ ከዘራውን ይዞ ሲዘል ከሁሉ ይበልጥ ይጮህ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ በደንቡ ተከፈተ።

ከዚያ የሙሽራዋ ዘፈን ደረሰ። አያንቱ ወደ እኔ ዞራ መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችልኝ። ገባኝ። የሚክሰሩን ድምፅ ቀስ ብዬ እስከ ታች መለስኩት። ቶሌራም ሳልነግረው ሞተሩን አጠፋ። በዚያ ግቢ ውስጥ የቀረው ባዶ ከበሮ፣ የቆዳው ድምፅ ብቻ፣ እና የአዳዳ ድንቄ ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘፍን ሰማሁት። ቀጭን ነው። ከእናት ወደ እናት እየተሻገረ ወረደ፤ የብርቄ ልጅ ፈይኔ፣ የፈይኔ ልጅ ድንቄ። ጫልቱ ተሸፍና ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሁላችንም ስሟን ጠበቅን።

«የድንቄ ልጅ አያንቱ» አሉ አዳዳ።

የከበሮው ምት ተሳተ። አያንቱ እጇ አየር ላይ ቀርቶ እናቷን አየች። አዳዳ ድንቄም ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ ያንኑ ደገሙት፤ «የድንቄ ልጅ አያንቱ»፤ ልጃገረዶቹም ሁሉ ተቀበሏቸው። በራሷ ሰርግ ቀን በጩኸት ውስጥ የጠፋው ስም በደረቁ አየር ላይ ጥርት ብሎ አለፈ። ከዚያ አያንቱ ጉንጯ እንደረጠበ ከበሮዋን መታች፤ አዳዳም «የድንቄ ልጅ ጫልቱ» አሉ፤ ጫልቱም እግሯን አንስታ ደጃፉን ተሻገረች።

ቃሌን ጠብቄ የቦንሳን ሁለት ሳቦች ነቀልኩለት። ሲመለሱ ፒካፑ በደንብ ይሠራ ነበር፤ መንገዱ እስኪታጠፍ ሲደልቅ ሰማነው። አዳዳ ድንቄ ከጩምቦው መሃል፣ ቅቤው ከተኛበት ቆርሰው በእጃቸው አጎረሱኝ።

አሁን እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጥሩ ውጤት ተጨብጭቦልኝ ያውቃል፤ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። መምህራኖቼ እንዲወዱኝ እጥራለሁ፤ የቤት ሥራዬን ሁለቴ ሳላየው አላስረክብም። በቅርቡ የትምህርት ክፍል እንመርጣለን። አባቴ ሕክምና ቢሆንልኝ ይላል፤ እኔ ኤሌክትሪክ ብያለሁ፤ ያልኩትም ድምፄን ሳልቀንስ ነው። አንድን ነገር ከሚችለው ጋር ማገናኘት፣ ሳያንስም ሳይበዛም፣ መማር የምፈልገው ሥራ ይህ ነው።

ትናንት ጫልቱ ደውላልኝ ነበር። በሚመጣው ጥር የአጎታችን ልጅ ታገባለች፤ ሚዜው ደግሞ ቦንሳ ነው። ሚኒባሱንና ሳቦቹን ይዘን እንድንመጣ ትፈልጋለች። «እነሱ በዚህኛው ምን ይዘው ይመጣሉ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ፒካፑን ትተውታል አሉ» አለችኝ እየሳቀች። «ቦንሳ ኦቦ ቴሶን ነቀምቴ አምጥቷቸው፣ ልጆቹን ሰብስቦ ግጥም እያስጠና ነው። ማታ ማታ ሰፈሩን ሁሉ አሰለቹት።»

እንግዲህ በዚህኛው እንሸነፍ ይሆናል። በዘፈን ከበለጡን በሩ ይከፈትላቸዋል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ለጫልቱ ሳቦቹ ቶሌራ ጋ እንዲቀመጡ ነገርኳት፤ ከበሮውን ግን አያንቱ ታምጣው።